የስምንት ላባ ንስር ፍለጋ፦ በሜሪላንድ የሚገኝ የሳንቲም መደብር ግምገማ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ የገበያ ሰፈር ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በስልክ መጠገኛ መካከል፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የተጋረደ የሳንቲም መደብር አለ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በወር አንድ ጊዜ ያህል ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ስሙን ከመጥቀስ የተቆጠብኩት ከምስጋናዬ ጋር ሁለት ሦስት ቅሬታዎችም ስላሉኝ ነው። ሆኖም አሮጌ የአሜሪካ የብር ዶላር የሚሰበስብ፣ በተለይም በማኅተማቸው፣ ማለትም ሳንቲሙን በሚመታው ብረት፣ ልዩነት የሚታወቁትን እያደነ የሚገዛ ሰው፣ አንድን መደብር በምን መመዘን እንዳለበት ለማሳየት ይህ ቤት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካውያን ሞርጋን ዶላር የሚሉት ሳንቲም ስሙን ያገኘው ከቀራጩ ከጆርጅ ሞርጋን ነው፤ ሰውየው እንግሊዝ አገር ተወልዶ በ1876 በፊላዴልፊያው የገንዘብ ማተሚያ ቤት የተቀጠረ ባለሙያ ነበር። ሳንቲሙ ከ1878 እስከ 1904 ድረስ ያለማቋረጥ፣ ከዚያም በ1921 እንደገና ታትሟል። ክብደቱ 26.73 ግራም፣ ወርዱ 38.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከመቶ 90 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1878 የጸደቀው የብላንድ አሊሰን ሕግ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በየወሩ ከ2 ሚሊዮን እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ሳንቲም እንዲያሳትም ያስገድደው ስለነበር፣ ሕዝቡ ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ ዶላር ታትሞ በከረጢት በከረጢት ተከማቸ። በ1918 በወጣው የፒትማን ሕግ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ቀልጠው እንኳ የተረፈው ብዙ ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ የብር ሳንቲም ዛሬ ደመወዝተኛ ሰው በሚችለው ዋጋ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልዩነት የሚያድን ሰው እንደ ልቡ የሚያገላብጠው ክምር ያገኘውም ከብላንድ አሊሰን ሕግ የተነሣ ነው።

ተራው ሰብሳቢ ዓመቱንና የማተሚያ ቤቱን ምልክት አይቶ ያቆማል። በጀርባው፣ ከአበባ ጉንጉኑ በታች፣ ኦ የሚል ፊደል ካለበት በኒው ኦርሊንስ፣ ኤስ ካለበት በሳን ፍራንሲስኮ፣ ሁለት ሲ ካሉበት በካርሰን ሲቲ የታተመ ነው፤ ምንም ከሌለበት ፊላዴልፊያ ነው። ከአሮጌዎቹ መካከል በ1921 ብቻ ደግሞ የዴንቨር ዲ ትገኛለች። ልዩነት የሚያድነው ሰው ግን ከዚህ አልፎ ሳንቲሙን የመታውን ማኅተም ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል። ባዶውን የብር ክብ ከላይና ከታች የሚመቱት ሁለት የብረት ማኅተሞች ናቸው፤ እነርሱም ራሳቸው ከእናት ማኅተም የሚወለዱ ሲሆን፣ ምስሉ በደንብ ጠልቆ እንዲቀረጽባቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ይመቱ ነበር። በሁለተኛው ምት ላይ ጥቂት የተንሸራተተ እንደሆነ ፊቱ፣ ከንፈሩ ወይም ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይቀራል። ዓመቱንና የማተሚያ ቤቱን ምልክት ደግሞ ሠራተኛው በእጁ እየመታ ያስገባቸው ስለነበር፣ ያጋደለ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ የተመታ ፊደል፣ በሌላ ፊደል ላይ የተደረበ ፊደል በየቦታው ይገኛል። ማኅተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላም ይሰነጠቃል፤ በመካከላቸው ብር ሳይገባ ሁለቱ ማኅተሞች የተጋጩ እንደሆነ አንደኛው የሌላውን ምስል ጥላ ይወርሳል። እያንዳንዱ ጠባሳ ከዚያ በኋላ ከማኅተሙ በሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ላይ ይታያል። ሊሮይ ቫን አለንና ጆርጅ ማሊስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እነዚህን ልዩነቶች በየዓመቱና በየማተሚያ ቤቱ ለይተው ቁጥር ስለሰጧቸው፣ ከስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘው ቫም የሚለው ቃል የልዩነቱ መጠሪያ ሆኗል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቫሞች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ከተራው ሳንቲም የተለየ ዋጋ የላቸውም፣ ጥቂቶቹ ግን በጣም ይፈለጋሉ።

ወደ መደብሩ ልመለስ። የዚህ ቤት ዋናው ሀብት በመስታወት ውስጥ የተደረደረው ሳይሆን ከባንኮኒው ጀርባ የሚቀመጠው የእንጨት ሣጥን ነው። ባለቤቱ ከሟች ቤተሰቦችና ከጡረተኞች በጅምላ የሚገዟቸውን፣ በገበያ የተዘዋወሩና ደረጃቸው መካከለኛ የሆኑ ዶላሮች በዓመት እንኳ ሳይለዩ በዚህ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዋጋቸው አንድ ነው፦ ሳንቲሙ የያዘው ንጹሕ ብር በዕለቱ ገበያ የሚያወጣው፣ በላዩም 15 በመቶ። የካርሰን ሲቲ ሳንቲሞችና ጥቂት የታወቁ ብርቅ ዓመታት አስቀድመው ይወጣሉ፤ ለቀሪው ግን ማንም ጊዜ አያጠፋም። ለኔ መመዘኛ ትልቁ ነገር፣ ደንበኛው ወንበር ይዞ፣ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ፣ ሃምሳ ሳንቲም አንድ በአንድ አገላብጦ ምንም ሳይገዛ ቢነሣ እንኳ ፊት የማይነሳው መሆኑ ነው። በአካባቢው ካሉት ሌሎች መደብሮች በአንዱ፣ ከሦስተኛው ሳንቲም በኋላ ‘የሚገዙትን ቢነግሩኝ’ ተብዬ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጬ ቡና ቀርቦልኛል። ቡናው የማሽን ቡና ነው፤ ስለ ጣዕሙ ባልናገር ይሻላል።

በመጀመሪያው ወር ውስጥ የፈለግሁት የ1878ን ሳንቲም ነበር፤ ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ መምህር ያለ አይመስለኝም። ሞርጋን በመጀመሪያ በሳንቲሙ ጀርባ ላይ የሣለው ንስር በጅራቱ ላይ ስምንት ላባ ነበረው። በማርች 1878 ኅትመቱ ተጀምሮ ጥቂት መቶ ሺዎች ከወጡ በኋላ፣ በቀደሙት የአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ ያለው ንስር ጎደሎ ቁጥር ያለው ላባ ስለሚይዝ ይህም ሰባት እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ የጠየቀውን ብዛት በጊዜው ለማድረስ ይጣደፉ ስለነበር፣ አስቀድሞ ስምንት ላባ የተቀረጸባቸውን አንዳንድ ማኅተሞች ከመጣል ይልቅ ሰባት ላባ ባለው እናት ማኅተም ደግመው መቷቸው። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ ከሰባቱ ላባዎች በታች የአሮጌዎቹ ላባዎች ጫፍ ልክ ከቀሚስ በታች እንደሚታይ ሸሚዝ ብቅ ብሎ ይታያል። በአንዳንዱ ሦስት ጫፍ፣ በአንዳንዱ አራት፣ አምስት፣ እስከ ሰባት ይደርሳል፤ የትኛው ማኅተም እንደሆነ የሚለየውም ጫፎቹን በመቁጠርና ቦታቸውን በማየት ነው። በዚያው ዓመት ቆየት ብሎ ደግሞ የንስሩ ደረት የተሞላና በእግሩ ከያዛቸው ቀስቶች የላይኛው ላባ ያጋደለ ሌላ ጀርባ መጣ። አንድ ዓመት፣ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ነገር ግን ስምንት ላባ፣ ሰባት በስምንት ላይ፣ ሰባት በጠፍጣፋ ደረት፣ ሰባት በክብ ደረት።

በሣጥኑ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉብኝቶች ስድስት የ1878 ዶላሮችን አገኘሁ፤ አምስቱ ተራ ሰባት ላባዎች ነበሩ። ስድስተኛው ግን ጠቆር ያለ፣ በፊት ገጹ ላይ የተቀረጸችው ሴት ፀጉር ከጆሮዋ በላይ ታሽቶ የጠፋ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሳንቲም ነበር፤ ከጅራቱ በታች አራት ጫፎች ግን በ10 ጊዜ ማጉያ በግልጽ ይታዩ ነበር። ሳንቲሙን ለባለቤቱ አሳየኋቸው፤ ልደብቃቸው አልፈለግሁም። እርሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ካዩት በኋላ፣ ከሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእጃቸው የጻፉትን አንድ መስመር ጠቆሙኝ። በዚህ ሣጥን ውስጥ ገዢው የሚያገኘው ልዩነት የገዢው ነው፣ ዋጋው አይለወጥም፣ ይላል። ይህችን መስመር በሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ ስለ መደብሩ ጠባይም ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ትናገራለች። ሻጩ የማያውቀውን እያወቁ በዝቅተኛ ዋጋ መግዛት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በሰብሳቢዎች መካከል ያረጀ ነው፤ እዚህ ቤት ክርክሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ተቋጭቷል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ሣጥን ስድስት መቶ ያህል ሳንቲም አገላብጬአለሁ፤ ዋጋ ያለው ልዩነት የተገኘብኝ በአራቱ ብቻ ነው። ከአራቱ የምወደው የ1888 የኒው ኦርሊንስ ሳንቲም ነው፤ ሰብሳቢዎች ሆት ሊፕስ (ትኩስ ከንፈሮች) ብለው የሚጠሩት ቫም 4 ማለት ነው። የፊት ገጹ ማኅተም ሁለተኛ ሲመታ በጣም ተንሸራትቶ ስለነበር የሴቲቱ ከንፈር፣ አፍንጫና አገጭ ድርብ ሆነዋል፤ ድርብነቱ ማጉያ ሳያስፈልገው በባዶ ዓይን ይታያል። ይህ ልዩነት በገበያ ሳይዘዋወር ተጠብቆ የቀረ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው፤ የሚገኙት ሁሉ ማለት ይቻላል ታሽተው ያለቁ ናቸው። የኔውም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ከንፈሮቿ አሁንም ሁለት ናቸው። በዚያው ዓመት በኒው ኦርሊንስ የታተመና በተሰነጠቀ ማኅተም ምክንያት የሴቲቱን ፊት አቋርጦ የሚያልፍ ትልቅ ጠባሳ ያለበት ስካርፌስ የሚባል ሌላ ልዩነት አለ፤ እርሱን ግን እስካሁን በእጄ ነክቼ አላውቅም።

የመደብሩ ድክመት የሚጀምረው ከሣጥኑ ወጥተው ወደ መስታወቱ ሲሄዱ ነው። እዚያ ልዩነታቸው ተለይቶ በወረቀት የተጻፈባቸው ሳንቲሞች አሉ፤ ወረቀቱን የጻፈው ግን ባለቤቱ ሳይሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሠራው ወጣት ሻጭ ነው፤ ታታሪነቱን ባደንቅም ዓይኑ ገና አልበሰለም። ባለፈው ዓመት የ1882 የኒው ኦርሊንስ ሳንቲም፣ ኦ በኤስ ላይ የተደረበበት ተብሎ ተሸጠልኝ። ይህ እውነተኛ ልዩነት አለ፦ ለሳን ፍራንሲስኮ ተብሎ ኤስ የተመታበት ማኅተም ወደ ኒው ኦርሊንስ እንዲሄድ ሲወሰን ኦ በላዩ ላይ ተመቶበታል፤ ሦስት ዓይነትም ይታወቃል፤ በኦ ክብ ውስጥ የኤስ ወገብ ሰያፍ ሆኖ ይታያል። የተሸጠልኝ ግን በኦ ውስጥ የቆሻሻ ክምችትና አንዲት ጭረት የነበረበት ተራ ሳንቲም ነበር። ጭረቷ ወደ ብሩ ውስጥ የገባች፣ ማለትም በሳንቲሙ ላይ የደረሰ ጉዳት ነበረች፤ ከማኅተም የመጣ ምልክት ቢሆን ኖሮ ከፍ ብሎ በታየ ነበር። ለጀማሪዎች ደጋግሜ የምናገረው ይህንኑ ነው፦ ማኅተሙ ላይ የተቦረቦረው በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ ሳንቲሙ ላይ የተቦረቦረው ግን ከኪስ፣ ከመሳቢያ ወይም ከሰው ጥፍር የመጣ ነው። ገንዘቤ ያለ ክርክር ተመልሶልኛል፤ መደብሩ ለ14 ቀናት መመለስን ይፈቅዳል። ሆኖም ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ያው ሳንቲም፣ ከነወረቀቱ፣ በቦታው ተቀምጦ አገኘሁት። ለባለቤቱ ስነግራቸው ወረቀቱን ቀደዱት፤ መጀመሪያውኑ ማስነሣት ግን የእኔ ሥራ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ታጠቡ ሳንቲሞች ነው። በ1893 የካርሰን ሲቲ ማተሚያ ቤት ሳንቲም ማተም ሲያቆም ሳይሠራባቸው የቀሩ የጀርባ ማኅተሞች ነበሩ፤ እነዚያ ማኅተሞች በኋላ ኦ ተመትቶባቸው በ1900 በኒው ኦርሊንስ አገልግለዋል። በ1900 ኦ ዙሪያ የሁለቱ ሲ ፊደላት ጎንና ጎን ተርፎ ይታያል፤ ልዩነቱ በደንብ የታወቀና ከሚፈለጉት አንዱ ነው። መደብሩ ከእነዚህ አንዱን በመስታወት ውስጥ፣ በጥሩ ዋጋ አስቀምጦ ነበር፤ ልዩነቱም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ወቅት በፖሊሽ ፈግፍጎት ገጹ ላይ ፀጉር የመሰሉ ቀጭን ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተጋድመውበታል፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም። የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ምን ያህል እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝምታ እንደ ቀላል አያየውም። እኔ አልገዛሁትም፤ የገዛው ሰው ግን ልዩነቱን ብቻ አይቶ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። በመደብሩ ውስጥ ያለው ብርሃን ከጣሪያው የሚወርድ የተበታተነ ነጭ ብርሃን ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ጭረቶች አይታዩበትም። ሳንቲምን ለማየት ከአንድ ወገን የሚመጣ አንድ አምፖል ነው የሚያስፈልገው፤ ሳንቲሙ በእጅ ላይ በዝግታ ሲዘዋወር ጭረቱም ድርብነቱም ያን ጊዜ ይነሣል።

በአንጻሩ መደብሩ በሐሰተኛ ሳንቲሞች ረገድ ያለው ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው። ባለቤቱ በቀይ ወረቀት የጠቀለሏቸው ሦስት ዶላሮች በመሳቢያቸው አሉ፤ አይሸጧቸውም፣ ለሚጠይቅ ግን ያሳዩታል። ሦስቱም የኒው ኦርሊንስ ምልክት ያለባቸው ናቸው፤ ኦ ግን ከተለመደው በጣም ያነሰች ናት። ዓመቶቻቸው 1896፣ 1900ና 1902 ናቸው። እነዚህ ሳንቲሞች ለረጅም ጊዜ እንደ እውነተኛ ልዩነት ተቆጥረው፣ የቫም ቁጥርም ተሰጥቷቸው፣ ከተራው በላይ ይሸጡ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች የተለያየ ዓመት የተጻፈባቸው እነዚህ ሳንቲሞች የጋራ ማኅተም እንዳላቸው አስተዋሉ፤ በጀርባቸው ያሉት ጉድለቶች አንድ ናቸው፤ በዚያ ላይ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሥራ አይመስሉም። በ2005 ፒሲጂኤስ የተባለው የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅት በዘመኑ የተሠሩ ሐሰተኞች መሆናቸውን አስታወቀ። የሚገርመው ሐሰተኞቹ ከእውነተኛ ብር የተሠሩ መሆናቸው ነው። በዚያን ዘመን የብር ዋጋ ወድቆ ስለነበር አንድ ዶላር የያዘው ብር ግማሽ ዶላር ያህል ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ አጭበርባሪው በብሩ ላይ ሳይሰስት በየሳንቲሙ ትርፍ ያገኝ ነበር ማለት ነው። የ1899 ትንሿ ኦ ግን እውነተኛ ናት፤ ባለቤቱ አንዷን ከሐሰተኞቹ ጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩልኛል። ለዚህ ትምህርት ክፍያ አልተጠየቅሁም።

ከመግቢያው አጠገብ የሌላ አገር የብር ሳንቲሞች የሚቀመጡበት ቅርጫት አለ፤ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ጠገራ ብር አይጠፋም። ዶላር የሚለው ስም ራሱ ከታለር የመጣ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ የማርያ ትሬዛ ብር ከአሜሪካው ዶላር ጋር በአንድ መደብር ውስጥ መገኘቱ እንግዳ አይደለም፤ ለኔ ግን የአያቴን የአንገት ጌጥ ያስታውሰኛል፣ አንጥረኛ ጠገራ አቅልጦ የሠራው መሆኑን ትነግረን ነበር። የቅርጫቱ ወረቀት ‘አውስትሪያ 1780’ ይል ነበር። ይህ አሳሳች ነው። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 ዓመት የተጻፈው ሳንቲም ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ዓመቱ ሳይለወጥ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲታተም ኖሯል፤ በ1935 ኢጣልያ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ያሳተመችውም ለዚያው ለእኛው አገር ወረራ ይውል ዘንድ ነው። በገበያ ላይ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ፍሬዎችና የንስሩን ላባ እየቆጠሩ ብሩን የሚቀበሉና የሚመልሱ የቀድሞ ነጋዴዎቻችን፣ ስሙን ሳይሰጡት የማኅተም ልዩነት ያጠኑ ነበር ማለት ይቻላል። ለወጣቱ ሻጭ ይህን አስረዳሁት፤ በሚቀጥለው ወር ስሄድ ወረቀቱ ‘ዓመቱ 1780፣ ኅትመቱ የኋላ ዘመን’ በሚል ተተክቶ አገኘሁት። በዚህ ብቻ ስለ ልጁ የነበረኝ አስተያየት ተለውጧል።

መደብሩ ሳንቲሞችን ወደ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የመላክ አገልግሎትም ይሰጣል፤ ሣጥኑ ደስ ያሰኘውን ሰው ይህ አገልግሎት ሊያስቆጣው ይችላል። ድርጅቶቹ ሳንቲሙን አይተው፣ እውነተኛነቱን አረጋግጠው፣ ደረጃ ሰጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ነገር ግን ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ከተፈለገ በማመልከቻው ላይ ለይቶ መጠየቅና ለዚያ ተጨማሪ መክፈል ያስፈልጋል፤ ማንም በፈቃዱ ጫፎችን ቆጥሮ አይጽፍም። እኔ ሰባት በስምንት ላይ ያለውን ሳንቲሜን ከነቫም ቁጥሩ እንዲላክ ጠይቄ ገንዘቡንም ከፈልሁ። ከአሥር ሳምንት በኋላ ታሽጎ ተመለሰ፦ ‘1878፣ ሰባት ላባ’ ብቻ ተጽፎበታል። መደብሩ በማመልከቻው ላይ ያለችውን አንዲት ሳጥን ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። ይቅርታ ተጠይቄያለሁ፣ የልዩነት ክፍያውም ተመልሶልኛል፤ ሆኖም ሳንቲሙን እንደገና ለመላክ የመላኪያና የመድን ወጪውን ራሴ እንድሸፍን ተጠየቅሁ፤ ይህን ትክክል ነው ብዬ አልቀበለውም። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻውን በራሴ እጅ እሞላለሁ፣ የሳንቲሙን የጅራት ክፍል በአጉሊ መነጽር ያነሣሁትን ፎቶም አያይዛለሁ። ከእነርሱ ጋር ሳንቲም የሚልክ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ስለ ዋጋው ጥቂት ልጨምር። የሣጥኑ ዋጋ ከብሩ የገበያ ዋጋ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ብር በሚወደድበት ወቅት ሃምሳ ሳንቲም አገላብጦ ምንም ልዩነት የሌለባቸውን አምስቱን ለጨዋነት ሲሉ መግዛት ቀላል ወጪ አይሆንም። በመስታወቱ ውስጥ ያሉት ግን የብር ዋጋ ቢወድቅም አይወርዱም፤ በአማካይ በትልልቅ ጨረታዎች ከሚሸጡበት ትንሽ ከፍ ብለው ነው የተተመኑት። ከ1921 እስከ 1935 ድረስ የታተሙት የፒስ ዶላሮች፣ ማለትም ሞርጋንን የተኩት የብር ዶላሮች፣ በሌላ ትንሽ ሣጥን አሉ፤ በነዚህም ላይ ልዩነት አለ፣ ለምሳሌ የ1923ቱ በማኅተም ስንጥቅ ምክንያት ከሴቲቱ መንጋጋ ጢም የመሰለ መስመር የወጣበት። ለእኔ ግን ማራኪ አልሆኑልኝም፤ ምስላቸው ለስላሳ ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይደክማል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቅዳሜን ቢተው ይሻላል፤ ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሰዎች ይሰለፋሉ፣ ሣጥኑም ለብዙ ሰው አይበቃም። ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ያለ ነው፤ ባለቤቱም ራሳቸው ይገኛሉ። ማጉያ መነጽር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ መደብሩ ለደንበኛ የሚያውሰው አንዱ ማጉያ ጠርዙ ላይ ምስል ያጣምማል። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ብቻ እንደሆነ ለልጆች የሚያስረዱበት አያያዝ መልካም ነው፤ ልጄን ይዤ በሄድኩበት ቀን ባለቤቱ የ1921ን ሁለት ዶላሮች ሰጥተውት የጠርዛቸውን ጥርስ እንዲያወዳድር አደረጉት፤ አንደኛው የተለመዱት 189 ጥርሶች ሲኖሩት፣ ሌላው 157 ብቻ የነበረው፣ ጥርሶቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ ነበሩ። ልጁ ሁለቱን ለመቁጠር ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል፤ ሦስት ጊዜም ከመሐል ጠፍቶበት ከመጀመሪያው ጀምሯል።

ስለ መብራቱ ለባለቤቱ ሁለት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ። በመጨረሻ ባለፈው ወር ከቤቴ አንገቱ የሚጠማዘዝ የጠረጴዛ መብራት ይዤ ሄድኩ፤ ከሣጥኑ አጠገብ ሶኬት አግኝተው ሰኩት፣ እዚያው እንዲቆይም ፈቀዱ። የ1900ው ኦ በካርሰን ሲቲ ላይ ያለበት ቦታ አሁን ባዶ ነው፤ በቦታው የተተካውን ሳንቲም በዚያ መብራት ስር አዘዋውሬ አይቼዋለሁ፣ አልታጠበም።